ሦስት ካሴት ለአያ ኑሩ

የአያ ኑሩን ሞት የሰማሁት በሦስተኛው ጩኸት ነው። ማራኪ ፌርማታ ላይ ቆሜ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ቴፑን አስጨምረውኝ፣ ጌታቸው ከመንገዱ ማዶ ከሚኒባሱ መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሆነ ነገር ይለኛል። ጌታቸው የዚሁ መስመር ሹፌር ነው፤ ሰላም ያለኝ መሰለኝና አውራ ጣቴን አነሳሁለት። ደግሞ ጮኸ። ደግሜ አነሳሁለት። በመጨረሻ መንገዱን ተሻግሮ መጣና እጁን በመስኮት አስገብቶ ቴፑን ጸጥ አደረገው።

«ኑሩ ሞተ እያልኩህ እኮ ነው! አውራ ጣት የምታነሳው ምን ሆነህ ነው?»

የወዳጁን መርዶ እየሰማ ሁለት ጊዜ አውራ ጣቱን ያነሳ ሹፌር በጎንደር ከተማ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አያ ኑሩ «ሰው ሲጠራህ የማያሰማህ ቴፕ፣ ቴፕ አይደለም፣ ግድግዳ ነው» እያለ ስንት ዓመት መክሮኛል። ምክሩን እንዳልሰማሁት በሞተበት ቀን አረጋገጥኩለት።

ተሳፋሪዎቼን ይቅርታ ጠይቄ አወረድኩና ወደ መቃብሩ በረርኩ። እስላም ቀብሩን አያቆይም። ስደርስ ሰዉ እየተመለሰ ነበር። ከመንገዱ ዳር የቆሙትን መኪኖች ሳይ፣ ግማሾቹ የሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው፤ አንዱም ድምፅ የለውም። ታላቅ ወንድሙ ሀጂው አየኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

«ሲሳይ፣ ዘገየህ። በሕይወቱ እናንተን ሲያስጠብቅ ነው የኖረው፤ ዛሬ እሱም መጠበቅ አልቻለም» አለኝ።

እውነት ነው፤ አያ ኑሩ ያስጠብቃል። «ማክሰኞ ና» ካለህ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልነገረህም ማለት ነው።

ሥራው የመኪና ቴፕና ስፒከር መግጠም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳብውፈር። ለማያውቅ ሰው፣ ሳብውፈር ማለት ያ ከኋላ ወንበር ሥር ተወትፎ ደረትህን የሚደልቀው ትልቁ የቤዝ ስፒከር ነው። አራዳ ከጨርቅ ሱቆቹ በስተጀርባ፣ በጠባብ በር የሚገባበት አንድ ክፍል ነበረው፤ ግማሹ በኮምፔንሳቶ ጣውላ፣ ግማሹ በሽቦ የተሞላ። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ነው። ወንድሞቹ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ቅመም ይሸጣሉ፣ ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ መሀረብ ልትገዛ ገብተህ የሙሽራ ልብስ ይዘህ ትወጣለህ፤ ሚስት ይኑርህ አይኑርህ አይጠይቁህም። ከዚያ ሁሉ ዘር ውስጥ ገዢ የሚመልስ እሱ ብቻ ነበር።

በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። መጀመሪያ አካባቢ አንቱ ስለው «አንቱታውን ለሀጂው ወንድሜ አድርግለት፤ ለኔ አያ ይበቃኛል» አለኝ። እኔም አያ ኑሩ፣ አንተ፣ እያልኩ ኖርኩ።

ስፒከር ሊያስገጥም የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መኪናው አልነበረም። «ሦስት ካሴት አምጣ» ይላል። «ሰው ሲሳፈር የምትከፍተውን አይደለም። ብቻህን ሆነህ፣ መስኮት ዘግተህ የምትሰማውን ሦስት ካሴት አምጣ።» ካሴቶቹ ሳይመጡ ካቻቢቴ አያነሳም። ሲመጡ ጫማውን አውልቆ ጋቢና ይገባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መዳፉን በሩ ላይ ያሳርፋል፣ ሦስቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። በዚህ መሀል «አያ ኑሩ፣ ሥራ አለብኝ እኮ» ካልከው ዓይኑን ሳይገልጥ «እኔ ምን እየሠራሁ መሰለህ?» ይልሃል።

አንድ ጊዜ አዲስ መኪና የገዛ ወፍራም ነጋዴ መጣ። ያለውን ትልቁን፣ አሥራ አምስት ኢንቹን፣ ሁለት አድርገህ ግጠምልኝ አለ።

«ሦስት ካሴትህን አምጣ» አለው አያ ኑሩ።

«ካሴት የለኝም። እኔ ዜና ነው የምሰማው።»

«ዜና ብቻ?»

«ዜና ብቻ።»

«ታዲያ ለዜና ቤዝ ምን ያደርግልሃል? ጋዜጠኛው ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስልህ። ሂድ፣ ማኪናህን አታቁስል።»

ነጋዴው ተናዶ ሄደ። ሀጂው ወንድሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ አሉ፤ «አባታችን ከመቃብር ቢነሳ አንተን አይቶ ተመልሶ ይተኛል» አለው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የቁስቋም አንድ ዲያቆን የአጎቱን ፒካፕ ይዞ መጣ። ሦስቱም ካሴቶቹ በገና ናቸው። አያ ኑሩ መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ ሰማ፣ ሰማ፣ ሲጨርስ ካሴቱን ገልብጦ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዲያቆኑ ሲቁነጠነጥ «ተው አትቸኩል፤ ይሄ መሣሪያ እንደ ንብ ይነዝራል» አለው። «ሸጋነቱ መንዘሩ ነው። ትልቅ ስፒከር ባገባበት ንቡን ዝንጀሮ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ትንሽ ስምንት ኢንች መርጦ፣ ዝግ ሳጥን ሠርቶ፣ ከውስጥ የአሮጌ የሱፍ ባና ቁራጭ አልብሶ ገጠመለት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ «ነገ ቅበላ ነው፤ ዘፈንህን አውጣና የጾም ካሴትህን አስገባ» እያለ የሚያስታውሰኝ እሱ ሆነ። እኔ ክርስቲያኑ ረስቼው እገኛለሁ።

ስለ ሳጥን አንዴ ካወራ አያቆምም ነበር። ስፒከሩን ሁሉም ሰው ይገዛዋል፤ ሥራው ሳጥኑ ላይ ነው ይላል። «ዝግ ሳጥን እንደ ጭምት ሰው ነው። የተባለውን ይናገራል፣ ሲጨርስ ዝም ይላል። ቀዳዳ የተበጀለት ሳጥን ደግሞ እንዳንተ ነው፤ ነገሩን ከጨረሰ በኋላም ይቀጥላል።» ቀዳዳ ያለው መጥፎ ነው ማለቱ አልነበረም። ቤዙ ረዘም፣ ጎተት ለሚል ዘፈን ቀዳዳ ያለው ያስፈልጋል፤ ጠብ ጠብ ለሚል ምት ግን ዝጉ ነው። «ቤዝ ጨው ነው» ይላል ደግሞ። «ልኩን ሲሆን ማንም አያስታውሰው፤ ሲበዛ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።»

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ያኔ ካሴት ገና አልሞተም፤ ሲዲ ግን መጥቶ በር ላይ ቆሟል። እኔ ከአራዳ ማራኪ እሠራለሁ፤ ተሳፋሪው ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪ ደግሞ ቤዝ ወዳለበት ይሮጣል። ጌታቸው ትልቅ ሳብውፈር አስገጥሞ ነበርና ሚኒባሱ ሳትቆም ትሞላለች። የኔዋ በባዶዋ ተገትራ፣ ረዳቴ «ማራኪ! ማራኪ!» እያለ ጉሮሮው ይሰነጠቃል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ አንድ እግሯን አስገብታ ቴፔን ሰማችና «ውይ፣ ይሄ የሽማግሌ መኪና ነው» ብላ እግሯን መልሳ አወጣች። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማታ መስታወት አየሁ፤ ልጅቷ ትንሽ እውነት ነበራት።

በማግስቱ አያ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ካሴት አምጣ አለኝ።

እንግዲህ፣ ብቻዬን ስሆን የምሰማው ሌላ ነው። እኔ የጭልጋ ሰው ነኝ፤ ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር። የገጠር ልጅ መሆኔን በከተማ ፀጉር ቁርጥ ሸፍኜው ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን በሁለተኛው ቃል ይታወቃል። ብቻዬን ስሆን የምሰማው አንድ ካሴት ነበር፤ የእህቴ የደብሬ ሠርግ ካሴት። አንድ የአጎቴ ልጅ በትንሽ ቴፕ የቀዳው ነው። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ውሻ ይጮሃል፣ አንዲት ሴት በየመሀሉ «በርበሬው የት ነው ያለው?» ትላለች፣ እናቴ ደግሞ ከበሮ ትመታለች። እማዬ ታንጉት በዓመቱ ሞተች። አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው የተወችው፤ እሱም ላይ ተቆጥታለች። ስትስቅ ያለችው ካሴቱ ውስጥ ነው፤ በሳቋ መሀል ከበሮው አይቋረጥም።

ይህን ካሴት ይዤ አያ ኑሩ ፊት እንዴት እቀርባለሁ? አፈርኩ። ጎረቤቴ ከተከራየ ተማሪ ሦስት የፈረንጅ ካሴት ተዋስኩና ወሰድኩለት። ጋቢና ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሰማ። በሁለተኛው መሀል አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄኛው ምን እያለ ነው?»

«ስለ ፍቅር ነው» አልኩ።

«እንዴት አወቅህ?»

«አያ ኑሩ፣ ሁሉም ስለ ፍቅር አይደል እንዴ?»

«ይሄ ሰውዬ እየተሳደበ ይመስለኛል» አለና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ብዙ አየኝ። «ለነዚህስ አሥራ ሁለት ኢንች፣ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ሸጋ ነው» አለ።

ገጠመልኝ። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ዓይነት ክብር አይቼ አላውቅም። አራዳ ላይ ስከፍተው ማራኪ ይሰማል ተባለ። ስሜ ሲሳይ ነጎድጓድ ሆነ። ያቺ ልጅ ሁለቱንም እግሯን አስገባች። ጌታቸው ሰላምታ ነሳኝ። እኔም አንገቴን አቀና ብዬ፣ መነጽር አድርጌ፣ ምን እንደሚል በማላውቀው ዘፈን ራሴን እየነቀነቅሁ ሁለት ወር ያህል ነገሥኩ።

ሁዳዴ ገባ። ዘፈኑን አውጥቼ በገና አስገባሁ፤ በገናው የጭነት መኪና ሆኖ ወጣ። አንድ ማለዳ ቁስቋም ለኪዳን የማደርሳቸው አንዲት እናት በሩን ጨብጠው «ልጄ፣ ማኪናህ ሊፈነዳ ነው፤ አውርደኝ፣ በእግሬ እደርሳለሁ» አሉ። ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። ይህንንም ሳቅሁበት። ትልቁ ነገር የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት ባዶዬን ወደ ቁስቋም ስወጣ፣ የሠርግ ወቅትም ነበርና እማዬ ትዝ አለችኝ። ካሴቷን ከኮሮጆዬ አውጥቼ ከተትኳት። ዱምምምምም አለ። ከበሮው አንድ ወጥ ጎርፍ ሆነ። እጅ የለ፣ ምት የለ፤ ሴቶቹ ከወንዝ ማዶ ሆነው የሚጮሁ ይመስላሉ። ሳቋን ባዳምጥ ባዳምጥ አጣሁት። ድምፁን ቀነስኩ፤ ጎርፉ ትንሽ ጎርፍ ሆነ። የድሮውን ቴፔንና ስፒከሬን ደግሞ አዲሱን ሳስገጥም ሸጬአቸዋለሁ። መኪናዬን ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ። ለአንዲት ልጅ እግር ብዬ እናቴን ከመኪናዬ አስወርጃታለሁ ማለት ነው።

አያ ኑሩ ዘንድ ሄጄም እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። «ስፒከሩ ተበላሽቷል» አልኩት።

ከፍቶ ሰማ። «አልተበላሸም። የዚያን ቀን ያመጣሃቸውን ካሴቶች ስጠኝማ።»

«የሉም።»

«የት ሄዱ?»

«ባለቤቱ ወሰዳቸው።»

ካቻቢቴውን አነሳና ስፒከሩን ከሳጥኑ ፈታው። «ግባና አንብብ» አለኝ። አንገቴን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ለካ አያ ኑሩ ሳጥን ከመዝጋቱ በፊት ከውስጥ በአናጢ እርሳስ ይጽፍ ኖሯል፤ የማን መኪና እንደሆነ፣ ባለቤቱ ምን እንደሚሰማ። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው ለምን እንደተሠራ እንዲያውቅ ነው። የኔው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሲሳይ ማኪና። ባለቤቱ ገና አልነገረኝም።»

አንገቴን ከሳጥኑ ማውጣት አቃተኝ። እዚያው ውስጥ ሆኜ «ካወቅህ ምነው ሠራህልኝ ታዲያ?» አልኩት፤ ድምፄ በቀዳዳው በኩል ጎልቶ ወጣ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ። «ልመልስህ ነበር። ጌታቸው ሲበልጥህ፣ አንተ ባዶ ማኪና ይዘህ ስትዞር አየሁና ሆዴ ባባ። በሆድ የተሠራ ሥራ እንዲህ ነው። ውጣና ንገረኝ።»

ወጣሁና ነገርኩት። ካሴቷን ሰጠሁት። ጫማውን አውልቆ ጋቢና ገባ። «በርበሬው የት ነው ያለው?» የምትለዋ ሴት ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። ሲያልቅ ካሴቷን አውጥቶ ያዛት።

«ስማኝ ሲሳይ። ይህቺን የቀዳችው ቴፕ ትንሽ ነበረች፤ የከበሮውን ሆድ አልያዘችውም። ካሴቱ ላይ የሌለውን ሳጥን አይፈጥርልህም፤ ላታልልህ አልችልም። ያለውን ግን እንዳይሸፍንብህ ማድረግ ይቻላል። ከበሮው አለ?»

«እህቴ ቤት አለ።»

«እሑድ እንሄዳለን።»

ለአንድ ስፒከር ብሎ ጭልጋ ድረስ የሚሄድ ሰው አይታችኋል? ሄደ። በነጭ ቆቡ፣ ኪሱን ሜትርና እርሳስ ሞልቶ። ደብሬ እንግዳውን አይታ ተደናገጠች። እስላም እንግዳ ሥጋዋን እንደማይበላ ታውቃለችና ማር፣ ወተት፣ ቆሎ አቀረበች። እሱም ማሩን እየላሰ «ከበሮውን አምጪልኝ» አላት።

«አያ፣ ምነው? ሠርግ አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም። የእናትሽን ድምፅ ልሠራ ነው።»

ደብሬ ወደኔ ዞር አለች። «ይህን ሰው ምን አጠጣኸው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከበሮውን ተሸክማ አመጣች። እሱ ሆዱን ለካ፣ ቆዳውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ «እስቲ ምቺው» አላት። መታች። መዳፉን ከበሮው ጎን ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «እናትሽ ካንቺ ትጠነክራለች» አላት ቀስ ብሎ። «አዎ፣ እሷን የሚያህል የለም» አለች ደብሬ፤ አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። የጎረቤት ሴቶች ድምፁን ሰምተው መጡ። «ማን ሊዳር ነው?» አሉ። «ሲሳይ» አለች ደብሬ፤ እልልታውን አቀለጡት። ማንም የሚያምነኝ አልተገኘም። ሳልታጭ የተመረቅሁ ሰው ነኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አስጠበቀኝ። ማክሰኞዎቹ ሁሉ አለፉ። ሚኒባሴ ያለ ቤዝ ስትሄድ ተማሪዎቹ «ነጎድጓድ፣ ዝናቡ አባራ እንዴ?» ይሉኛል። ጌታቸው ደስታውን መደበቅ አቃተው። አያ ኑሩ ጋ ስሄድ አንዴ ኮላው አልደረቀም ይለኛል፤ አንዴ ደግሞ ልጁን ዘይነባን አጠገቡ አስቀምጦ ሽቦ ሲያስበይዳት አገኘዋለሁ። ትምህርቷን ጨርሳ ከሱ ጋር መሥራት የጀመረችው ያኔ ነው፤ ሀጂው «ሴት ልጅ ለስፒከር?» ብሎ ሲቆጣ አያ ኑሩ «ጆሮዋ ከኔ ይሻላል» ብሎ ዘጋው።

ጨረሰው። አሥር ኢንች፣ ድፍን ዝግ ሳጥን። ገጠመና ከኪሱ ጭብጥ ምስር አውጥቶ ዳሽቦርዱና የበሩ ጠርዝ ላይ በተን አደረገ። ይህ የሱ ዘዴ ነበር፤ ቴፑ ሲከፈት ምስሯ የዘለለችበት ቦታ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ የባና ቁራጭ ይወትፋል። ምስሮቹ ሁሉ አርፈው እስኪቀመጡ ድረስ ሠራ። እስከ ዛሬ መቀመጫዬ ሥር ምስር አይጠፋም።

ከዚያ ካሴቷን አስገባ። እሱ ጋቢና፣ እኔ መሪ ላይ።

ከበሮው መጣ። ግዙፍ አልነበረም። ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው መጥቶ ለብቻው አረፈ። በመሀሉ ክፍተት ነበር፤ በክፍተቱ ውስጥ ሴቶቹ ተመለሱ፣ ውሻው ተመለሰ፣ እማዬ ሳቀች። አያ ኑሩ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር።

«ምነው፣ እናትህ ቀለበት ነበራት እንዴ?» አለኝ።

«ምን?»

«ከባዱ ምት ላይ ስማ። ከቆዳው ቀድማ አንዲት ብረት ትነካለች። ቅጭ። ስማ... ቅጭ።»

ሰማሁ። ያቺን ካሴት መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ያችን ቅጭታ ሰምቻት አላውቅም። የብር ቀለበት ነበራት። ጣቷ ስላበጠ አልወጣ ብሎ፣ ለሠርጉ ከበሮ ልትመታ ስትል ቅቤ ቀብተን ስንስብላት «ተዉት፣ ጣቴን ልትነቅሉት ነው» ብላ ስቃ ተወችው። አብሯት ተቀበረ። አያ ኑሩ ይህን ማንም አልነገረውም።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። «የኮምፔንሳቶ ብናኝ ዓይኔ ገባ» አልኩት።

«ይሆናል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዛሬ እንጨት አልቆረጥኩም እንጂ» አለ።

ተማሪዎቹ ከፊሉ ወደ ጌታቸው ተመለሰ፤ ከፊሉ ግን እዚሁ ቀረ። ያቺ ልጅ ፈተና ሲደርስ የኔን መኪና ትመርጥ ነበር፤ «እዚህ ጭንቅላት አያምም» ብላ። የሽማግሌ መኪና መሆን እንዲህ ያለም ጥቅም አለው። ጌታቸው ራሱ ከዓመት በኋላ ጆሮው ሲጮህበት ሦስት ካሴት ይዞ አራዳ ገባ። ምን ምን እንደነበሩ ብጠይቀው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ቢሆንም እሱም ሁለት ወር ጠብቋል፤ ይህ ብቻውን ያስደስተኛል።

ካሴት ሞተ፣ ሲዲ ነገሠ፣ ሲዲም ሞተ፣ ፍላሽ መጣ። አያ ኑሩ «ሦስት ካሴት አምጣ» ማለቱን አልተወም። ልጆቹ ፍላሽ ሲያመጡለት «ስንት አለው?» ይላል። «ሁለት ሺህ ዘፈን።» «ሁለት ሺህ የሚወድ ሰው አንድም አይወድም። ሦስቱን አሳየኝ።» የሚያብረቀርቅ መብራት ያለበትን ስፒከር አምርሮ ይጠላ ነበር፤ «ጆሮህ ዓይን የለውም» ይል ነበር። ግትር ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ተከራካሪ ነው። ለራሱ ግን መኪናም ቴፕም አልነበረውም፤ ከቤቱ አራዳ በእግሩ ነው። የእማዬን ካሴት ወደ ፍላሽ ሳስገለብጥ ስልክ ደውሎ «ንገረው ለቀጂው፤ ድምፁን እንዳያጸዳ። ሲያጸዱ መጀመሪያ የሚጠርጉት ቀለበቷን ነው» ያለኝም እሱ ነው።

ከሞተ ሦስት ወር ያህል ሆኖት ሳጥኔ ማንኮራፋት ጀመረ። ዘግቼ ሰነበትኩ። መኪናዬን ሌላ ሰው ዘንድ ለመውሰድ እግሬ እምቢ አለ፤ አራዳ ለመሄድ ደግሞ ያችን ጠባብ በር ተዘግታ ማየት ፈራሁ። በመጨረሻ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ዘይነባ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ የባና ቁራጭ እየቆረጠች ነው።

«ጋሽ ሲሳይ፣ እንኳን መጣህ። ምን ሆነ?»

«ያንኮራፋል።»

«አንተ ነህ ሳጥኑ?» አለች። የአባቷ ልጅ።

ፈታችው። የስፒከሩ ዳር ያለው ላስቲክ ተሰንጥቋል፤ ዕድሜ ነው አለች። ከዚያ በስልኳ መብራት ሳጥኑ ውስጥ አየች። «ና» አለችኝ። አንገቴን ከተትኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው ስዞር ከፍቼው አላውቅም ነበር። የአናጢ እርሳሱ አልጠፋም፦ «የሲሳይ ማኪና። የእናቱ የታንጉት ከበሮ። የቀረው ሁሉ እንግዳ ነው።»

ላስቲኩን ቀየረች፣ ሳጥኑን ምንም ሳትነካው መልሳ ዘጋች፣ ገጠመች። ከመሳቢያው ምስር ዘግና ዳሽቦርዱ ላይ በተነች።

«ምን ልክፈት?» አልኳት።

«ብቻህን ስትሆን የምትሰማውን።»

ፍላሹን ሰካሁ። ጫማዋን አውልቃ ጋቢና ገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ውሻው ጮኸ፣ በርበሬዋም ተፈለገች። እኔ ስለ እናቴ ለዘይነባ አንድ ቃል ነግሬያት አላውቅም። ከአባቷም እንዳልሰማች የማውቀው፣ አያ ኑሩ የደንበኛውን ነገር ከሳጥኑ ውስጥ ሌላ የትም ስለማያስቀምጥ ነው። ምስሮቹን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንዷም አልዘለለችም።

ዘይነባ ግን ግንባሯን ኮስተር አድርጋ ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ ዘንበል አደረገች።

«ጋሽ ሲሳይ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ይህቺ ከበሮ የምትመታዋ ሴት... ቀለበቷን አላወለቀችም እንዴ?»